የሊቀ ጆሮ «በአጭሩ»

እንቁላል ሲልጡ ያያቸው ሰው ጎረቤቴን ቀዶ ሐኪም ናቸው ይላል። የተቀቀለውን እንቁላል በግራ እጃቸው ሦስት ጣት ይዘው፣ በቀኝ አውራ ጣታቸው ጥፍር ቅርፊቱን ስባሪ በስባሪ እያነሱ ሳህኑ ዳር ይደረድራሉ። ከቅርፊቱ ሥር ያለችው ስስ ነጭ ገለፈት ግን አትነካም። እኛ ከቅርፊቱ ጋር ቦጭቀን የምንጥላት ያቺ ገለፈት በእሳቸው እጅ እንቁላሉን እንደ ለበሰች ትቀራለች፤ አንዲት ቀዳዳ እንኳ አታገኙባትም። ከዚያ እንቁላሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው ያዞሩታል። ሻዩ ይቀዘቅዛል።

«ይኸውልዎት እትዬ» ይላሉ፤ «ነገሩ ሁሉ ገለፈቱ ላይ ነው። በአጭሩ ልንገርዎት።»

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሕንፃም፣ መሥሪያ ቤትም፣ ቤተ ዘመድም ያለ አይመስለኝም። ዕቃ ግዛ ተብሎ ይላክና ዕቃውን ትቶ፣ ማብራሪያ ሲያድል ውሎ ይመለሳል። የአንዳንዱ ማብራሪያ ስለ መኪና ሞተር ነው። የአጎቴ ልጅ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ስለ ጣሪያ ፍሳሽ ነበር። ለእኛ ሕንፃ የደረሰን ስለ ጆሮ የሚያብራራ ነው። ስለ ጆሮ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የእሳቸው ከጆሮ ውስጥ፣ ከውስጡም ውስጥ፣ በዓይን ስለማትታይ የአንዲት ሴል ገለፈት ነው።

ስሙን ያወጣላቸው ዘበኛችን ነው። አንድ ጠዋት በሩ ላይ ሠላሳ አምስት ደቂቃ አቁመው ካስረዱት በኋላ ወደ እኔ ዞሮ «እትዬ፣ እኚህ ሰውዬ እኮ ሊቀ ጆሮ ናቸው» አለኝ። ስሙ በሳምንት ውስጥ አራቱን ወለል አዳረሰ። እሳቸውም ሰምተው አልተቀየሙም። «ኧረ ሊቅ አይደለሁም፣ ቴክኒሻን ነኝ» አሉትና የሁለቱን ልዩነት ሊያስረዱት እንደገና ቆሙ።

እውነትም ሐኪም አይደሉም። በአንድ የጆሮ ምርምር ላቦራቶሪ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩት ሥራ አንድ ነው። ከአይጥ ጆሮ ውስጥ የአተር ፍሬ እንኳ የማታህል፣ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለች አጥንት ያወጣሉ። በማይክሮስኮፕ ሥር ቅርፊቷን በወረንጦ ይልጣሉ። ውስጧ ያሉትን ፀጉራማ ሴሎች ሳይጎዱ ለተመራማሪዎቹ ያስረክባሉ። ሴሎቹ ከወጡ በኋላ በሕይወት የሚቆዩት ለጥቂት ሰዓት ነው። የሚሠሩበት ጠረጴዛ ንዝረት እንዳይደርስበት በታመቀ አየር ላይ የተንሳፈፈ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ተረከዙን ቢያስጮህ የተመራማሪው መርፌ ከሴሏ ይንሸራተትና የጠዋቱ ልፋት ሁሉ ገደል ይገባል። ለዚህ ነው ክቡርነታቸው እስከ ዛሬ እንደ ድመት የሚራመዱት። በር ሲዘጉም በሁለት መዳፋቸው ነው፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው። ሠላሳ አንድ ዓመት በሹክሹክታ ታፍኖ የኖረው አንደበታቸው ግን ጡረታ በወጡ ማግስት ተለቀቀ።

አንድ ቀን ባለቤታቸው መሐረቧን እያጠበቀች ወደ እኔ ወረደች። በአሥር ዓመት ስለምታንሰኝ አንቺ እላታለሁ፤ እሷ እትዬ ትለኛለች። «ጨው አልቆብኝ ልኬው ነበር» አለችኝ። «ድስቱ እሳት ላይ ነው። ከሄደ ሰዓት ሊሞላው ነው።» በመስኮት ስናይ ባለሱቁ ክርኑን ባንኮኒው ላይ ጥሎ አገጩን በመዳፉ ደግፏል፤ የእሳቸው ሁለት እጆች አየር ላይ የሆነ ነገር ይሠራሉ። ብዙም ሳይቆዩ እየተደሰቱ መጡ።

«ጨውስ?» አለቻቸው።

«አየሽ፣ በጆሮ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከሌላው ሰውነታችን ፈሳሽ ይለያል። ሶዲየሙ ትንሽ፣ ፖታሲየሙ ብዙ። ይሄ ደግሞ...»

«አንተ ሰውዬ፣ ጨው!»

«ባለሱቁም ምን ልስጥዎት እያለ ሲያቋርጠኝ ነበር» አሉ።

ወደ እኔ ዞራ «ጨው እንዲገዛ ላክሁት፤ ስለ ጨው አስተምሮ መጣ» አለች። የዚያን ቀን ምሳቸው በእኔ ጨው ተበላ።

ሌላ ቀን ሦስታችን አውቶቡስ ተሳፍረናል። ሹፌሩ ሙዚቃውን ለቆታል፤ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። ሊቀ ጆሮ ተነሥተው ሄዱና ትከሻውን ነካ አደረጉት።

«የኔ ልጅ፣ ስትወለድ በእያንዳንዱ ጆሮህ አሥራ አምስት ሺህ ያህል ፀጉራማ ሴል ይዘህ መጥተሃል። ከዚያ ወዲህ አንዲት አልተጨመረችልህም። ወደፊትም አትጨመርልህም። የሞተችው ሞተች።»

«ምነው ጋሼ፣ በጠዋቱ!» አለ ሹፌሩ ደንግጦ። ሙዚቃውንም አጠፋው።

«ዶሮ ግን ታበቅላለች» አሉት ሊያጽናኑት። «ዶሮ ጆሮዋ ሲጎዳ ሴሎቹን እንደገና ታበቅላቸዋለች።»

ከኋላ አንዲት ሴትዮ «እንግዲህ ዶሮ በለጠችን በሉኛ!» አለች። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ይህን ሲያስረዱና ሲያስተባብሉ አራት ፌርማታ አለፈን። ስንወጣ ያሰብነው የባለቤታቸውን መነጽር ከሠሪው ልንቀበል ነበር፤ መነጽሩ አሁንም እዚያው ነው።

እኔም ከሰዉ ጋር ሳቅሁ። ሴትዮዋ ያለችውን ግን ያወቅሁት ቤት ገብተን ባለቤታቸው ስትደግመው ነው።

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አርባ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። በማሽን የሚሰፋ ሰው በዓይኑ ብቻ አይሰፋም። መርፌው ሲዶለድም ድምፁ ይወፍራል። ጨርቁ ሲደራረብ ማሽኑ ያቃስታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሥር የሚገባው የታች ክር ሲያልቅ ተክ ተክ የሚለው ድምፅ ባዶ ይሆናል፤ ሰፊው ሰምቶ ያቆማል። ካላቆመ የላይኛው ክር ብቻውን ጨርቁ ላይ ይጋደማል እንጂ አይሰፋም። ይህ ድምፅ ቀስ በቀስ ሸሸኝ። መቼ እንደ ሄደ እንኳ አላየሁትም።

ልጄ ከሁለት ዓመት በፊት በስልክ «እማ፣ የምልሽን አትሰሚም እኮ። ማሽኑ ጣትሽን ቢሰፋውስ? እሱን እንሸጠውና እኔ ጋ ነይ» አለችኝ። የልጄ ቤት ሰፊ ነው፣ ልጄም መልካም ናት። ግን እዚያ ሄጄ ምን ልሁን? ሶፋ ላይ ተቀምጬ ሲስቁ ልስቅ? ስለዚህ መሥመሩ ነው አልኳት። ከዚያ ወዲህ በደወለች ቁጥር ምንም የማያውቀውን የስልክ መሥመር እያማሁ ኖርሁ።

ከሊቀ ጆሮ ጋር ግን ይህ ሁሉ ጭንቀት አልነበረም። ጆሮው ለደከመ ሰው እንደ እሳቸው የሚመች እንግዳ የለም። መልስ አይፈልጉም፤ ራስ መነቅነቅ ይበቃቸዋል። የሚናገሩትም ሌላው ሰው ሲናገር እንደሚሆንብኝ አይደበዝዝብኝም ነበር። መቼም አንድ ነገር መቶ ጊዜ ሲነገር ድንጋይም ይገባዋል ብዬ ተውሁት። ድምፃቸውም ነጎድጓድ ነው ብዬ አምን ነበር። እንደ መጡ ወንበሩን እስከ መስኮቱ ይጎትቱታል፣ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ ያደርጋሉ፣ እጃቸውን ያነሳሉ፣ «በአጭሩ» ይጀመራል።

አንድ ቀን የስፒል መሰኪያዬን አነሡ። ስፒሎቹን ነቅለው አጭር፣ መካከለኛ፣ ረጅም አድርገው እንደ ደረጃ በሦስት ረድፍ ሰኩልኝ። የእያንዳንዱን አጭር ጫፍ ከኋላው ካለው ረጅም ጎን ጋር በቀጭን ክር አሰሩት። እጃቸው ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም።

«ይህቺ ትራሷ ሴሏ ናት እንበል። ልባሷ ገለፈቷ ናት፤ ድርብ ቅባት፣ ከምንም የሳሳች። ድምፅ ሲመጣ ፀጉሮቹን ወደ ረጅሞቹ በኩል ይገፋቸዋል። ክሯ ትወጠራለች። ክሯ የታሰረችው ደግሞ ፀጉሯን ራሷን በሸፈነው ገለፈት ላይ ካለች በር ጋር ነው። በሯ ብርግድ! ፖታሲየሙ ግልብጥ ብሎ ይገባል። ሰሙ ማለት ነው! እትዬ፣ በር የሌለው ግድግዳ ምን ይሠራል? ግድግዳ የሌለው በርስ? ነገሩ ገለፈቱ ላይ ነው።»

እንዴት ያምር ነበር። እሳቸው ሲሄዱ ስፒሎቼን ስፈታ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

የማብራሪያቸው ሁሉ መጨረሻ ጭፈራው ነው። ከፀጉራማዎቹ መካከል በውጭ ረድፍ የቆሙት ሴሎች ጎናቸው ላይ ያለው ገለፈት በአንድ ፕሮቲን ጢም ብሎ የተሞላ ነው አሉ። ኤሌክትሪኩ ሲለዋወጥ ፕሮቲኑ ይሰበሰባል፣ ይዘረጋል፤ ሴሏም ታጥራለች፣ ትረዝማለች። አለቃቸው አንድ ጠዋት ሙዚቃ በሽቦ ወደ ሴሏ ለቀቀው። «እትዬ፣ ጨፈረች! በዓይኔ በብረቱ አየሁ! ከዚያ ወዲህ ሠርግ ላይ የሚጨፍር ሰው አያስደንቀኝም።» እዚህ ላይ ሲደርሱ ይነሣሉ። ያ ሁሉ ቁመት እግሩን ከመሬት ሳያነሣ፣ ክንዱን ከጎኑ አጣብቆ፣ በጉልበቱ እየተሰበሰበ በተረከዙ እየተዘረጋ ያጥራል፣ ይረዝማል። ፊታቸው ግን ኮስተር ያለ ነው፤ ሴል አይስቅማ።

በቅርቡ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለዳቦ ቤቱ ሠራተኞች አሥራ ሁለት ነጭ ጋዋን እሰፋለሁ፣ እሳቸው መስኮቱ ሥር ያስረዳሉ። ጭፈራው ደረሰ። ተነሡ። አጠሩ፣ ረዘሙ፣ አጠሩ፣ እዚያው ላይ ቆሙ። ጉልበታቸውን እንዳጠፉ፣ አፋቸውን እንደከፈቱ ማሽኔን ያያሉ። ሊቀ ጆሮ በማብራሪያ መሐል፣ ያውም ጭፈራው ላይ፣ ሲያቆሙ ያየ ሰው በሕንፃችን የለም። ወገባቸውን ያዛቸው መሰለኝ። እኔ ግን የጋዋኑን ዘርፍ እስከ መጨረሻው ሰፋሁት፣ ክሩን ቆረጥሁት፣ ጨርቁን ወደ ላይ አነሣሁት። ዘርፉ ከዳር እስከ ዳር እጄ ላይ ተተረተረ።

«ክሩ ነው» አልሁ። «ዘንድሮ የሚሸጡት ክር...»

እሳቸው ቀስ ብለው ተቃኑ። ብርጭቋቸውን አለቅልቀው ደፉት፣ በሩን በሁለት መዳፋቸው ዘጉት፣ ሄዱ።

እስኪመሽ ስልኩን ሳይ ዋልሁ። ለባለቤታቸው ይነግራሉ፣ እሷ ለልጄ ትደውላለች፣ ነገ ማሽኑን የሚሸከሙ ሰዎች ይመጣሉ ብዬ በልቤ ጨርሼዋለሁ። ይህ ሰውዬ ባለሱቁን፣ ሹፌሩን፣ ዘበኛውን ያልማረ ሰው ነው፤ እኔን እንዴት ይምረኛል? ስልኩ ግን አልጮኸም። ወይም ጮኾ ይሆናል እያልሁ እየሄድሁ አየዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት መጡ። ወንበሩን ወደ መስኮቱ ጎተቱት፣ ተቀመጡ።

«እትዬ» አሉ። «በአጭሩ» የሚለውን ጠበቅሁ። አልመጣም።

«የታች ክሩ ያለቀው ጭፈራው ሲጀመር ነው። ማሽኑ ያኔውኑ ድምፁን ለወጠ። እኔ ላይ ቤት ሆኜ እንኳ እለየዋለሁ።»

ጨርቄን ማጠፍ ጀመርሁ።

«ሁለት ዓመት ሆነኝ» አሉ።

«ምኑ?»

«ይህንን ወንበር ወደዚህ መስኮት ስጎትት። መጋረጃዎን ወድጄው መሰለዎት?»

ቀና ብዬ መጋረጃዬን አየሁት። ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ነበር። አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው እንደማያውቁ፣ ማንቆርቆሪያው ሲንተከተክ ንግግራቸውን እንደሚያቆሙ፣ ሁልጊዜ በቀኜ በኩል እንደሚቀመጡ ያኔ ታየኝ። ሃያ ጊዜ የነገሩኝን ለሃያ አንደኛ ጊዜ ሲነግሩኝ እታዘባቸው ነበር። ለካስ ከሃያው ግማሹ እንዳመለጠኝ ያውቃሉ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አልሁ።

«ልነግርዎት ሳስብ የማውቀው ነገር ሁሉ ከአፌ ይጠፋል። ስለ ሴሏ መናገር ይቀላል።»

«ለልጄ ይነግሯታል?»

«እኔ?» አሉ ደረታቸውን በመዳፋቸው ይዘው። «እኔ እንዲህ አፌን የምከፍት ሰው ነኝ?»

ተያየን። ከዚያ ሳቅን። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሰው ጋር እኩል፣ ለምን እንደምስቅ አውቄ የሳቅሁት ያን ቀን ነው።

ጆሮዬን ልመረመር ስሄድ አብረውኝ ሄዱ። ባለቤታቸው ደረጃው ላይ አስቁማ አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ አስምላቸዋለች። የምትመረምረኝ ልጅ ጆሮ የሚመስል ፕላስቲክ አነሣችና «እማማ፣ እዚህ ውስጥ ፀጉራማ ሴሎች የሚባሉ አሉ...» ብላ ጀመረች። ሊቀ ጆሮ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ልጅቷ ቀጠለች። አንድ ቦታ የተሳሳተች መሰለኝ፤ ፀጉሮቹ በነፋስ እንደሚወዛወዝ ሣር ናቸው ብላ በሯንም ክሯንም ዘለለቻቸው። ባርኔጣው ተጠማዘዘ። የግንባራቸው ሥር ተነሣ። ዝም አሉ። ሰው ለሰው ብዙ ነገር ያደርጋል፤ እንዲህ ያለ መሥዋዕትነት የተከፈለለት ግን ብዙ አይመስለኝም።

የታዘዘልኝን የመስሚያ መሣሪያ ጆሮዬ ላይ ባደረግሁ ጊዜ መጀመሪያ የገረመኝ የእሳቸው ድምፅ ነው። ነጎድጓድ አይደለም። ቀጭን ነው፣ ዝግ ያለ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ እንደሚያወሩት። ነጎድጓዱን የሰጠኋቸው እኔ ኖሬያለሁ።

ለልጄ ራሴ ደወልሁላት። መሥመሩ ሁለት ዓመት በሐሰት እንደታማ ነገርኋት። ትንሽ አለቀሰች፣ ትንሽ ተቆጣች። «ማሽኑስ እማ?» አለች። ስልኩን ማሽኑ አጠገብ አስቀመጥሁና መስፋት ጀመርሁ። ተክ ተክ ተክ ይላል፤ እሷም ትሰማለች። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ባዶ ሆነ። እግሬን አነሣሁ።

«አለቀ» አልኋት። የታች ክሩ ማለቁን በጆሮዬ ሰምቼ እንዳቆምሁ ገባት። ከዚያ ወዲህ ስለ መሸጥ አላነሣችም።

ትናንት እኩለ ቀን ሲቃረብ የመሣሪያው ባትሪ ጢጥ ጢጥ አለና ጸጥ አለ። ትርፍ አልነበረኝም። የዳቦ ቤቱ የመጨረሻዎቹ ሁለት ጋዋኖች ማሽኑ ላይ ናቸው። ሊቀ ጆሮ እንቁላላቸውን ግማሽ ልጠው ነበር፤ ሳህኑ ላይ አስቀምጠው ተነሡ። «ፋርማሲው ማዶ ነው፤ ደርሼ ልምጣ» ሲሉ ከከንፈራቸው አነበብሁ። ባለቤታቸው ደረጃው ላይ ሆና እጇን ታወናጭፍልኛለች፤ የምትለው ሳይሰማኝ ገባኝ፦ እባክዎን እትዬ፣ እሱን አይላኩት።

ላክኋቸው።

ሩብ ሰዓት ሲያልፍ ወደ መስኮቱ ሄድሁ። ከፋርማሲው በር ሁለት እርምጃ ላይ ቆመዋል። አጠገባቸው ትልቅ የሙዚቃ ማዳመጫ ከጆሮው ወደ አንገቱ ያወረደ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ያያቸዋል። የእሳቸው ቀኝ እጅ ጣቶች አጭር፣ መካከለኛ፣ ረጅም ሆነው ቆመዋል። የግራው ጣት እንደ ክር ይስባል። የሴሏ በር ተከፈተች። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። ባለፋርማሲዋ ለምሳ ወጣች፣ በሩን ቆለፈች፣ ዞራቸው አለፈች። አላዩዋትም።

ጆሮዬ ውስጥ አንድም ድምፅ የለም፤ ከሦስተኛ ፎቅ ሆኜ ግን አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። መስኮቱን ከፍቼ ልጠራቸው አልሁና ተውሁት። ገና ጭፈራው ላይ አልደረሱም።